ማንኪያ እያለ መርፌ ለምን?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ትውከት ነው። ቁርስዎን እየቀመሱ ጋዜጣዎን የገለጡ አንባቢ ካሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚህ ገጽ ላይ የለመዳችሁት ስለ ሹማምንት፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ፍርድ ቤት ውሎ ማንበብ እንደሆነ አላጣሁትም። ነገር ግን አገር ማለት ሰው ነው ካልን፣ ሰውም በጨቅላነት የሚጀምር ከሆነ፣ የአንዲት ሕፃን ሆድ መገለባበጥ ከየትኛውም ስብሰባ ያላነሰ የአገር ጉዳይ ነው። ደግሞም የምናገረው የሰማሁትን አይደለም፤ በገዛ ቤቴ የደረሰብኝን ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ቤት ውስጥ ሚጡ እያልን የምንጠራት ልጃችን ያኔ አንድ ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ቤት የቀረነው እኔ፣ አማቴና ሚጡ ብቻ ነን። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ እራቷን እንደበላች አስመለሳት። «ጠግባ ነው» ብለን አለፍነው። ወተት ሰጠናት፤ አስመለሳት። ውሃ ሰጠናት፤ እሱንም መለሰችው። እኩለ ሌሊት ላይ ተቅማጡ ተጨመረና ወደላይም ወደታችም ሆነ።

አማቴ ዘጠኝ ልጆች ወልደው ሰባቱን ያሳደጉ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ይህቺ ልጅ እንጥሏ ወርዷል። ይንጋ ብቻ፣ እኔ የማውቃቸው ሴትዮ አሉ፤ ቆርጠው ይገላግሏታል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ኮሌጅ ገብቼ ዲፕሎማ የያዝኩ፣ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ። «ኧረ እማማ፣ በዚህ ዘመን እንጥል ይቆረጣል እንዴ! ሐኪም ቤት ነው የምወስዳት» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ያን ሌሊት ግን ያ የተነፋ ደረት ምን ሠራ ብትሉኝ መልሴ «ምንም» ነው። እንዲያውም ሆዷ ይረፍ ብዬ ውሃ ከለከልኳት። የምትውጠው ከሌለ የምታስመልሰው አይኖርም የሚል የራሴ ሒሳብ ነበረኝ። የመጀመሪያው ስህተት የእኔው ነው፤ አልክድም።

ሲነጋ ሰፈራችን ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። አንዱን ጠርቶ ሌላውን ነፃ ማውጣት ይሆናልና። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት «ስንት ጊዜ አስመለሳት?» ብሎ ጠየቀኝ። «መቼ ሸናች?» አላለኝም። «ምን ጠጣች?» አላለኝም። ደምና ሰገራ ይመርመር ተባለ፤ ተመረመረ። ከዚያ ማስመለስ የሚያቆም አንድ መርፌ፣ ኢንፌክሽን የሚያጠፋ ሌላ መርፌ ተወጋችና «ነገም ተመለሱ» ተባልን። የከፈልኩት ገንዘብ የወር አስቤዛችንን ግማሽ ይሆናል። ግን ምን ገዶኝ! ሚጡ ማስመለሷን አቆመች። ለባለቤቴ ደውዬ «ተገላገልን» አልኳት።

ደስታዬ ውሎ አላደረም። አመሻሽ ላይ የልጅቷ አንገት ወደ አንድ ጎን ተጠመዘዘ። ዓይኖቿ ወደ ላይ ተሰቀሉ። መንጋጋዋ ገጠመ። ማልቀስ ፈልጋ ማልቀስ አቃታት። አማቴ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ በር ላይ ቆመው «ይሄማ ልክፍት ነው፤ ጠበል ውሰዷት» አሉ። እውነቱን ልናገር፤ ዲፕሎማዬ የት እንደገባ አላውቅም፣ እኔም ልክፍት መሰለኝ።

በባጃጅ በርረን አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደረስን። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሲስተር ልጅቷን ገና ከሩቁ እንዳዩ «ምን መርፌ ነው የተወጋችው?» አሉ። የተጨማደደውን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አነበቡትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይዞህ አባቷ፣ ልክፍት አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው» አሉኝ። ሐኪሙ መጥቶ ማርከሻውን አዘዘላት። ብዙም ሳይቆይ አንገቷ ተመለሰ፤ ዓይኗም ወረደ፤ ከዚያ ጮኻ አለቀሰች። የልጅ ልቅሶ እንደዚያ ይጣፍጣል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። መርፌው ማስመለሷን ቢያቆምም የፈሰሰ ውሃዋን አልመለሰላትም። ዓይኗ ጎድጉዷል። አፏ ደርቋል። ስታለቅስ እንባ የላትም። ከጠዋት ጀምሮ የሽንት ጨርቋ ደረቅ ነው። ሐኪሙ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ሲለቀው ቶሎ አልተመለሰም። ሲስተር አንድ ኩባያ፣ አንድ የሻይ ማንኪያና የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. አቀረቡልኝ። ይኸው ሁላችንም «ለምለም» እያልን የምናውቀው ዱቄት ነው።

«ግሉኮስ አይተከልላትም?» አልኳቸው።

«መዋጥ ችላ የለ እንዴ? ግሉኮስህ ይኸው በእጅህ ነው» አሉኝ።

ሒሳቡንም አስተማሩኝ። መጠነኛ የውሃ እጥረት ለደረሰበት ልጅ በአራት ሰዓት ውስጥ በእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ሚጡ 9 ኪሎ ናት፤ ስለዚህ 675 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልጋታል ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በየሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ ቢሰጥ በሰዓት 150፣ በአራት ሰዓት 600 ሚሊ ሊትር ይሆናል። መሀል መሀል ላይ ትንሽ ፈጠን ከተባለ ሒሳቡ ሞላ። በአንድ ጊዜ አንድ ብርጭቆ ያጠጧት እንደሆነ ግን ሆዷ መልሶ ይተፋዋል።

ተቀመጥኩና ማንኪያዬን ያዝኩ። ሁለት ጊዜ አስመለሳት። በየመሀሉ 10 ደቂቃ እየታገስኩ ቀጠልኩ። በሦስተኛው ሰዓት ላይ ሸናች። የራሰውን ጨርቅ እንደ ሰርተፊኬት ይዤ ለሲስተር አሳየኋቸው፤ ሳቁብኝ።

ማቅረሸትና ማስመለስ

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ያወቁ ሰዎችን ጠይቄ፣ አንብቤም ተረዳሁ ያልኩትን ላካፍላችሁ። በመጀመሪያ ማቅረሸትና ማስመለስ አንድ አይደሉም። ጡት ጠብቶ ሲያበቃ በአፉ ጥግ ወተት የሚያፈስ ጨቅላ ታመመ ማለት አይደለም። በጉሮሮና በጨጓራ መካከል ያለው ጡንቻ ገና ስላልጠነከረ የጠባው ያለ ትግል ይመለስበታል። ይህ በአራት ወር ዕድሜ አካባቢ በርከት ይላል፤ አብዛኞቹን ልጆች ዓመት ሲሞላቸው ይተዋቸዋል። ልጁ እየሳቀ፣ እየጠባ፣ ኪሎው እየጨመረ ከሆነ ችግሩ የልብስ አጠባ ነው እንጂ የሐኪም ቤት አይደለም። ከጠባ በኋላ ትከሻ ላይ አድርጎ ማስገሳት፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀና አድርጎ ማቆየት ይበቃዋል። ሲተኛ በጀርባው ይተኛ። አብሹ፣ ጤና አዳሙ፣ ቅቤውና የስኳር ውሃው ለእኛ ይቅር፤ እስከ ስድስት ወር ምግቡ የእናት ጡት ብቻ ነው።

ማስመለስ ግን ሆድ ተኮማትሮ በኃይል የሚያወጣው ነው። እሱም ቢሆን ራሱ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነው። ከኋላው አብዛኛውን ጊዜ የሆድ ቫይረስ አለ። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1973 አውስትራሊያ ውስጥ የተገኘው ሮታ ቫይረስ ነው። የሮታ ክትባት በአገራችን በ2006 ዓ.ም. ከመደበኛ ክትባቶች ጋር ተቀላቅሏል፤ ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ በአፍ ይሰጣል። ሳያስከትቡ የቀሩ ወላጆች ቢኖሩ ጊዜው ሳያልፍ ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። የቫይረስ ትውከት ብዙውን ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ይቆማል፤ ተቅማጡ ግን ሰንበት ሊል ይችላል። «ጥርስ ልታወጣ ነው» የሚባለው ደግሞ ስንቱን አዘናግቷል! ጥርስ ሁሉም ልጅ ያወጣል፤ ተደጋጋሚ ትውከትና ተቅማጥን ግን ጥርስ አያመጣውም።

ማስመለስ የወባ፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የማጅራት ገትርም ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱ ሳይጠየቅ ትውከቱን በመርፌ ዝም ማሰኘት፣ ሌባ አይቶ የሚጮኸውን ውሻ አፉን አስሮ እንደመተኛት ነው።

የማንኪያው ታሪክ

ይህ ዱቄት የድሃ ማታለያ የሚመስላችሁ ካላችሁ ታሪኩን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሕንድ ድንበር ላይ በሰፈሩ ስደተኞች መካከል ኮሌራ ገባ። ድሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም በክንድ የሚተከለው ፈሳሽ እያለቀበት ሲሄድ ስኳርና ጨው በውሃ አስበጥብጦ የበሽተኞቹ ቤተሰቦች ራሳቸው በኩባያ እንዲያጠጡ አደረገ። ከመቶው ወደ 30 ይደርስ የነበረው ሟች ከመቶው ከ4 በታች ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1978 ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ይህ ግኝት የምዕተ ዓመቱ ትልቁ የሕክምና እመርታ ሊሆን ይችላል ብሎ ጻፈ። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ስኳር የአንጀትን ግድግዳ ሲያልፍ ጨውን ይዞ ያልፋል፤ ውሃ ደግሞ ጨውን ተከትሎ ይገባል። በተቅማጥ የተጎዳ አንጀት እንኳ ይህን በር አይዘጋውም።

አበጣጠሩን ግን እንወቅ። አንድ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሊትር ውሃ የተመጠነ ነው፤ ቢሆንም ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። ባለ አንድ ሊትሩ የውሃ ጠርሙስ፣ «ሃይላንድ» የምንለው፣ ጥሩ መለኪያ ነው። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ፓኬቱ በሙሉ፣ ውሃውም በሙሉ። ለልጅ ይበዛል ብሎ ዱቄቱን በአንድ ብርጭቆ ውሃ መበጥበጥ ጨውን አብዝቶ ልጅን ይጎዳል። ስኳር አይጨመርበት፣ ወተት አይቀላቀልበት። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ልጁ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ ከቀድሞው ይበልጥ በዝግታ መቀጠል ነው። ተቅማጥ በወጣው ቁጥር ከሁለት ዓመት በታች ላለ ከ50 እስከ 100፣ ከዚያ በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጠው። ጡት ለአንድ ሰዓትም አይከልከል። ትውከቱ ጋብ ሲል ምግቡን ይብላ። ለስላሳ መጠጥ ግን አይሆንም፤ የስኳሩ ብዛት ተቅማጡን ያብስበታል። ተቅማጥ ላለበት ልጅ ዚንክም ይሰጣል። ከስድስት ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም ነው፤ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይሞላል።

ሁሉም ትውከት በማንኪያ ይድናል እያልኩ ግን አይደለም። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ካለው ወይም የቡና አተላ ከመሰለ፣ ጠበል እንሂድ እንጥል እናስቆርጥ ሳይባል በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ገና ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ በጠባ ቁጥር እንደ ፍንጥቅ ውሃ አርቆ የሚያስመልስ፣ ወዲያውም ተርቦ የሚያለቅስ ከሆነ የጨጓራው መውጫ ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ሆዱ ከተነፋና ከጠነከረ፣ ሕመሙ እየተመላለሰ የሚያስጮኸው ከሆነ፣ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ሰገራ ከወጣው አንጀት ታጥፎ ሊሆን ይችላልና አይደር። እርግብግቢቱ ካበጠ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ፣ መጥባት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ ከመለሰ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ ወይም ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ካስመለሰው እንዲሁ። ላምባ ወይም በረኪና የጠጣን ልጅ ደግሞ ጣት ከትቶ ማስመለስ ክልክል ነው፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል፣ ሳንባውም ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ሕጉ ለማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 561ኛ አንቀጹ የሕፃናትን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውለቅን በጎጂ ልማድነት ይጠቅሳል፤ በዚህ ሳቢያ ሕፃን ከሞተ ያስቀጣል። መልካም! እንጥል ቆራጯ ሴትዮ የቆሸሸ ምላጭ ይዘው ደም ሊያፈሱ፣ ቴታነስና ኤች.አይ.ቪ. ሊያስይዙ ይችላሉና ሕጉን እደግፋለሁ። አማቴንም ተከራክሬያቸዋለሁ። ግን እስኪ ልጠይቅ፦ ጋውን ለብሶ፣ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ደረሰኝ ቆርጦ፣ አንዲት ሕፃን ምን እንደጠጣች ሳይጠይቅ የሚወጋትን ማን ይጠይቀው? የባህል ምላጭ ነውር ሆኖ የዘመናዊ መርፌ ሲሆን ምሥጋና ነው ማለት ነው?

ይህ የእኔ ብስጭት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ተቅማጥ ላለባቸው ሕፃናት የማስመለስ ማቆሚያ መድኃኒት አይሰጥ ብሎ በመመሪያው ጽፏል። ሚጡን አንገቷን የጠመዘዛት ሜቶክሎፕራማይድ የሚባለው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ይህ መድኃኒት ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ፈጽሞ እንዳይሰጥ ወሰነ። ከዚያ በላይ ላሉ ልጆችም ከካንሰር ሕክምናና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማስመለስ፣ ሌላው አማራጭ ሳይሠራ ሲቀር ብቻ አለ። ፕሮሜታዚን የሚባለውንም እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካኖች ትንፋሽ ያቆማል ብለው ከሁለት ዓመት በታች ላሉ እንዳይሰጥ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ጻፉበት። በእርግጥ ሐኪም አይቶና አመዛዝኖ ኦንዳንሴትሮን የሚባለውን አንድ ጊዜ በአፍ ሊያዝ ይችላል፤ በጥናት የተፈተነ ነው። የእኔ ጠብ ከሐኪም ጋር አይደለም። ጠቤ ሳይመረምር ከሚወጋው ጋር ነው።

ለምን ይወጋል ብትሉ መልሱ ሩቅ አይደለም። ለምለም ትርፍ የለውም። አንድ ፓኬት ሰጥቶ፣ ሩብ ሰዓት ቁጭ ብሎ አባትን ስለ ማንኪያ ማስተማር ኪራይ አይከፍልም። መርፌ ግን ይከፍላል፤ ላቦራቶሪ ይከፍላል፤ «ነገም ተመለሱ» ይከፍላል። ወጣቱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልኮንነውም። የክሊኒኩ ባለቤት በወሩ መጨረሻ የሚጠይቀው ስንት ልጅ እንደሸና ሳይሆን ስንት ብር እንደገባ ነው።

እኛስ? መርፌ ካልተወጋን የታከምን አይመስለንም። «ዱቄት ሰጥቶ ሰደደኝ» ብለን ሐኪሙን የምናማው እኛው ነን። እኔ ራሴ ያን ጠዋት ክሊኒኩ አንድ ፓኬት ብቻ ሰጥቶ ቢመልሰኝ ኖሮ ተሳድቤ ወደ ሌላ ክሊኒክ እሄድ ነበር። ሌላም ነውር አለብን። ልጅ ሲያስመልስ ማንኪያ የሚይዙት እናት፣ አያት ወይም ሞግዚት ናቸው። አባት ገንዘብ አውጥቶ መድኃኒት የገዛ እንደሆነ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። አራት ሰዓት ሙሉ ማንኪያ ይዤ እስክቀመጥ ድረስ እኔም እንዲሁ ነበርኩ።

ለባለሥልጣኖቻችንም አንድ ሁለት ቃል አለኝ። ገጠር ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለምለምና ዚንክ ይዘው ቤት ለቤት እንዲሄዱ መደረጉ ደግ ሥራ ነው፤ መመስገን ያለበት ይመስገን። ከተማ ውስጥ ግን ሕዝቡን ለመርፌ ነጋዴ ትታችሁታል። ክሊኒክ ሲፈተሽ የክፍሉ ስፋት፣ የወንበሩ ብዛት፣ የግድግዳው ቀለም ይታያል። ባለፈው ወር ስንት ሕፃናት ማስመለስ ማቆሚያ ተወጉ፣ ስንቶቹስ ለምለም ይዘው ወጡ ብሎ መዝገብ የሚገልጥ ተቆጣጣሪ እኔ በበኩሌ አላጋጠመኝም። ካለ ይታይ! እነዚህ መርፌዎች በትእዛዝ ብቻ፣ ለሕፃናትም በምክንያት ብቻ ይሰጡ። እያንዳንዱ መድኃኒት ቤት ለምለምና ዚንክ ከመደርደሪያው ፊት ለፊት ያስቀምጥ። ሪፖርት ላይ የሚጻፈው «ሽፋን» ሳይሆን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ፓኬት የት ይገኛል የሚለው ይመለስልን።

ውሃስ? ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን እያልኩ ስጽፍ እያፈርኩ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በርሜል ውስጥ ሰንብቶ በጣሳ የሚቀዳ ውሃ፣ ሳይታጠብ የዋለ እጅና በደንብ ያልተቀቀለ ጡጦ ባለበት ቤት ለምለም የሚያድነው የታመመውን ነው እንጂ በሽታውን አያስቀረውም። የልጆቻችን ትውከት ግማሹ ከቧንቧው ይጀምራል። ቧንቧው ደግሞ የእናቶች ሥራ አይደለም።

ከሆስፒታል የተመለስን ዕለት አማቴ ማንኪያውን ከእጄ ተቀብለው ሚጡን እያጠጡ ድንገት ዝም አሉ። ቆይተው «እነዚያ ሁለቱ ልጆቼ በቅዘን ነው የሄዱት» አሉኝ። «ሆዳቸው ይረፍ ተብሎ ውሃ ተከለከሉ። ውሃ ውሃ እያሉ ነው የሄዱት።» እኔም ያን ሌሊት ሚጡን ውሃ መከልከሌን አስታወስኩና አንገቴን ደፋሁ። በእሳቸውና በእኔ መካከል አንድ ትውልድ፣ አንድ ኮሌጅና አንድ ዲፕሎማ አለ። ስህተቱ ግን ያው አንድ ነው። የነገረን የለማ!

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ጋዜጣዎን አጥፈው ወደ ቤት ሲገቡ በመንገድዎ ካለው መድኃኒት ቤት ሁለት ፓኬት ለምለም ይግዙና ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ። ልጅ ባይኖርዎት የጎረቤት ልጅ አለ። ክሊኒክ ገብተው «መርፌ ይወጋ» ሲባሉ «ምን የሚባል ነው? ለዚህ ዕድሜ ይፈቀዳል? መጠጣት እየቻለ ለምን ይወጋል?» ብለው ይጠይቁ። ስሙንም አስጽፈው ይያዙ። እኔን ያዳነኝ ያ የተጨማደደ ወረቀት ነው። መጠየቅ ነውር አይደለም። ለመልሱ የሚቆጣ ሐኪም ቤት ካጋጠመዎት፣ ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

ቸር ይግጠመን።